ለየሺ የሠራሁት የዋንዛ አምፕሊፋየር

እኛ ወጣት በነበርንበት ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሬዲዮ ስትከፍቱት ወዲያው አይናገርም ነበር። መጀመሪያ ይሞቃል። ውስጡ ቫልቭ የሚባል ነገር አለ፣ የጣት ቁመት ያላት ትንሽ ጠርሙስ በሏት፣ እሷ ቀስ ብላ ትቀላለች፣ ከዚያ ድምፁ ከሩቅ እየመጣ እየመጣ ቤቱን ይሞላዋል። እኔ ታዲያ እዚሁ ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ ያንን ስጠግን ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ሬዲዮ አይደለም፣ ስለ ጥፋቴ ነው። አትሳቁ! ሽማግሌ አያጠፋም ያላችሁ ማነው?

የሺን ታውቋታላችሁ፣ ባለቤቴን። ያኔ ክር ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ እና በፋብሪካው የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ትጫወታለች። በዚያ ዘመን! ሴት ልጅ! ያስተማሯት አንድ ዓይነ ስውር መምህር ናቸው፣ ጣቷን በጣታቸው ይዘው ክሩ ላይ ያስቀምጡላትና፣ "አትዪው የኔ ልጅ፣ ስሚው" ይሏት ነበር። ለዚህ ነው ስትጫወት ዓይኗን የምትጨፍነው። ጊታሩን ሹፌር ወንድሟ ነው ከጅቡቲ ያመጣላት፣ የኤሌክትሪክ ነው፣ ማለትም አምፕሊፋየር ላይ ካልተሰካ ዲዳ ነው፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንኳ እምብዛም አይሰማም። እኔም የወደድኳት መድረክ ላይ አይቻት ነው። ይቺን ልብ በሉልኝ። በጊታሩ ወደድኳት፣ እና ካገባኋት በኋላ ጊታሩን አስጣልኳት።

እንዴት መሰላችሁ? ዓመት በዓል ነው፣ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ እሷ ስትጫወት ወንዶቹ ያፏጫሉ፣ ያጨበጭባሉ። አንዱ ከኋላዬ "ይህቺን ያገባ ሰው እንዴት ታድሏል!" አለ። ሰውየው እኮ ደግ ነው የተናገረው! እኔ ግን ደሜ ፈላ። ታዲያ ቤት ስንገባ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "የሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወይ እኔ ወይ ጊታሩ" አልኳት። ምን አደረገች? አንሶላ አመጣች፣ ጊታሩን እንደ ሕፃን ጠቀለለችው፣ ወንበር ላይ ወጣችና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው። እኔ ጅሉ አሸነፍኩ ብዬ እራቴን በላሁ።

ልጆች ተወለዱ፣ አደጉ፣ ወጡ። ቁም ሳጥኑ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፣ ጊታሩ ግን ሁልጊዜ አናቱ ላይ ነው። እሷም አታነሳውም፣ እኔም አላነሳውም፣ ስሙንም አንጠራም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ተጂ ከተማ ለቅሶ ልደርስ ከቤት ወጣሁ። መናኸሪያ ብደርስ መኪና የለም፣ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም፣ እና ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። የሺ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ጊታሩን አቅፋዋለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ጣቶቿ ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ... ድምፅ የለም። ክሮቹ ዝገዋል፣ ሁለቱ ተበጥሰዋል። ፊቷ ግን፣ ልጆቼ፣ ፊቷ እየሰማ ነው! ቆሜ አየኋት። ከዚያ ወለሉ ሲጢጥ አለ፣ ዓይኗን ገለጠች፣ እና ስታየኝ ክው ብላ ደነገጠች። "አቧራውን ልጠርግ ብዬ ነው" አለችኝ። ትሰማላችሁ? አቧራ! በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እቃዋ፣ ሰባ ዓመት የሞላት ሴትዮ፣ እንደ ሌባ ደነገጠች። እኔን ፈርታ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፣ ሆዴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ።

ልጃችን ስልክ ሲደውል በሹክሹክታ ነገርኩት። "አባዬ፣ ቀላል ነው፣ አምፕሊፋየር መርካቶ ሞልቷል፣ ቅዳሜ ይዤልህ እመጣለሁ" አለኝ። አልኩት፣ "ተው። ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ እኔው ልሥራው።"

እና ጀመርኩ። የራሴን ሬዲዮ አወረድኩ፣ ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የገዛሁትን፣ ማንንም የማላስነካውን። ፈታሁት። ቫልቮቹን አወጣሁ፣ ትራንስፎርመሩን አወጣሁ፣ ስፒከሩ ተቀዷል፣ በስስ ወረቀትና በኮላ ለጠፍኩት። ዓይኔ አያይም፣ አንዷን ሽቦ ለመበየድ ግማሽ ቀን! ደግሞ ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም፣ ከሶኬት ከነቀላችሁት በኋላም ኮንደንሰሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ ይቆያል። ስንቱን ተማሪ ያስጠነቀቅኩ ሰውዬ ረሳሁትና ነካሁት፣ ከነወንበሬ ወደቅኩ። የሺ እየሮጠች መጣች። "ምንድነው?" አለች። "ምንም፣ የሰው ሬዲዮ ነው" አልኳት። "የማን ሬዲዮ ነው እንዲህ የሚማታው?" አለችና አንስታኝ ሄደች።

መጨረሻ ላይ ሠራ። በላስቲክ ከተለበጠ ችፑድ፣ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ፣ ሳጥን አበጀሁለትና፣ ክር ገዝቼ፣ እሷ ገበያ ስትሄድ ጊታሩን አውርጄ ሰካሁት። አንዴ ብነካው፣ ድርርርር! ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ባዶ ጀሪካን የሚመቱ ይመስላል። ይሄን ነው የምሰጣት?

ቡራዩ ወዳጅ አለኝ፣ ኦቦ ዱጋሳ፣ አናጢ ነው፣ እድሜያችን እኩል ነው። ሳጥኑን ታቅፌ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ሄድኩ። "አካም ጂርታ፣ ዱጋሳ!" ስለው ሰላምታውን ትቶ ሳጥኑን በጣቱ ቆረቆረው። "ይሄ እንጨት ነው? ይሄ የካርቶን ዘመድ ነው! ድምፅን የሚይዝ እንጨት ሌላ ነው።" ከዚያ ከጣሪያው ሥር አንድ ሳንቃ አወረደ። ዋንዛ። ስንት ዓመት ደርቆ የተቀመጠ፣ ቡናማ፣ ከባድ፣ ሲቆረቁሩት ቶክ የሚል። "ለማን ነው?" አለኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት፣ ከአዳራሹ ፉጨት ጀምሮ እስከ አቧራው። ዱጋሳ ሥራውን አቆመ።

"የበደላት ማነው? እኔ ነኝ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ቶሌ" አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። እና መላጊያውን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "እንግዲያው አንተ ላገው።"

መላግ የማላውቅ ሰውዬ! ታዲያ በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ቡራዩ ተመላለስኩ። እሱ ይቀመጥና፣ "ቀስ! እንጨቱን አትታገለው! መስመሩን ተከተል እንጂ፣ በተቃራኒው ስትሄድ አይደል የሚፈነቀለው!" ይለኛል። ማዕዘኖቹ በሚስማር አይያዙም አለ፣ እንደ ጣትና ጣት እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። በመጋዝ፣ በመሮ፣ ደግሞ በመጋዝ። አንዱን ጎን አበላሽቼ ስናደድ፣ "አያልቅብህም፣ ሳንቃው ረጅም ነው" ይለኛል። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ዘይት አጠጣሁት፣ እና በዚያ ቡናማ እንጨት ውስጥ የነበረው ወርቅማ መስመር ሁሉ ብቅ አለ። ዱጋሳ መዳፉን አሳረፈበት፣ "አሁን ለሰው ይሰጣል" አለ።

አመጣሁት፣ ቫልቮቹንና ስፒከሩን ውስጡ ገጠምኩ። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጊታሩን አወረድኩ፣ ሰካሁ፣ ቫልቮቹ ቀሉ። "የሺ፣ ነይ እስቲ!" መጣች። አየችው። እኔን አየችኝ። ደስ ብሏት ታቅፈኛለች ብዬ ቆሜያለሁ እኮ!

"ማን ጠየቀህ?" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "አሁን ነው? ጣቴ እንዲህ ከደረቀ በኋላ?" እና ወጥታ ጓሮ ሄደች፣ ልብስ ታሰጣ ጀመር።

አንድ ሳምንት እዚያው ተቀመጠ። አቧራውን ትጠርግለታለች፣ አትከፍተውም። ለዱጋሳ ደወልኩ። "አልፈለገችውም" አልኩት። "ይቅርታ ብለሃታል?" አለኝ። "ሳጥኑን ሰጠኋት እኮ!" "ሳጥኑ አፍ አለው እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ። "አንተ ያልከውን ቃል ሳጥን ይመልሰዋል? ሂድ፣ በአፍህ የወሰድከውን በአፍህ መልስ!"

እና ሄድኩ። እሷ ምስር እየለቀመች ነው። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ለካስ እንጨት መላግ ቀላል ነው! "የሺ" አልኳት፣ "ያን ቀን ስትጫወቺ ከሁሉም ሰው በላይ ደስ ያለው እኔን ነበር። ሰው ሁሉ ሲወድሽ ግን ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ ነው የከለከልኩሽ። ያንቺ ጥፋት የለበትም። ዘመንሽን ወሰድኩብሽ። ይቅር በይኝ።"

ምስሩን መልቀሟን አላቆመችም። አንድ ጠጠር አወጣች፣ ሌላ ጠጠር አወጣች። ከዚያ እጇ ቆመ። "እኔ እኮ መጥፎ ስለምጫወት መስሎኝ ነበር" አለች። "ሰው እየሳቀብኝ፣ አንተ አፍረህብኝ... ይኸው እስከ ዛሬ።"

አያችሁ? አያችሁ ዝምታ የሚሠራውን? እኔ ቅናቴን ደብቄ፣ እሷ ይህን ሁሉ ዘመን መጥፎ ነኝ ብላ ኖራለች። ሽማግሌ ነኝ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሷም ሰፌዱን አስቀመጠች፣ በቀሚሷ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝና፣ "በል ተነስ፣ ምስሩ ላይ እንዳታንጠባጥብ" አለችኝ።

ከዚያ ሳሎን ገባች። እኔ መከተሉንም ፈራሁ፣ መቅረቱንም ፈራሁ፣ በሩ ላይ ቆምኩ። ከፈተችው። እስኪሞቅ ጠበቀች። አንድ ክር ነካች፣ አንድ ብቻ። እንዴት ልንገራችሁ? ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ የሰው ድምፅ የመሰለ፣ እንጨቱ ራሱ የሚያዜም ይመስላል። ደነገጠች፣ ሳቀች፣ እንደገና ነካችው። ጣቷ ይስታል፣ ትመለሳለች፣ ይስታል፣ ትመለሳለች። ቀስ በቀስ አንዲት አጭር ዜማ ወጣች፣ ድሮ ከመምህሯ መጀመሪያ የተማረቻት። ጎረቤታችን ፋጡማ በአጥር በኩል፣ "ማነው እንዲህ የሚጫወትልን?" ብላ ስትጣራ፣ ከእኔ ፈጥና "እኔ ነኝ! የሺ ነኝ!" ብላ መለሰች። ጮክ ብላ።

እኔ የምመክራችሁ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ፣ የምትወዱትን ሰው እንደምትወዱት በጊዜው ንገሩት፣ ፍርሃታችሁንም ጭምር። ሌላው ሁሉ ከረፈደ በኋላ የሚሠራ ጥገና ነው።

(እዚህ ላይ ከአድማጮቹ አንዷ ወደ ወይዘሮ የሺ ዞራ፣ "እርስዎስ እትዬ፣ ይቅር አሏቸው?" ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉ፦)

እኔ አልዋሽሽም ልጄ፣ ያ ዘመን አይመለስም። አንዳንድ ቀን ስጫወት ይናፍቀኛል፣ ያቺ መድረክ ላይ የቆመችው ልጅ ትናፍቀኛለች። ያኔ እናደድበታለሁ። ግን ዞር ስል እሱ ወንበሩን ስቦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጠኛል። እስክጨርስ አይንቀሳቀስም። እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው ላይ እስከ መቼ ትቆጫለሽ?

"ጥርሴን ስላመመኝ ነው የማልንቀሳቀሰው" አልኳት እኔ ሽማግሌው፣ እና ሁላችንም ሳቅን፣ እሷ ከሁላችንም በላይ።