ያስተረፍኩት መብራት

ወሰን ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ቆጣሪው አንድ ነው። ፊልም የማይበትን ኮምፒውተር ስከፍትና አከራዬ እትዬ አልማዝ የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን ሲሰኩ ቆጣሪው አይችልም፤ ግቢው ይጨልማል። «ያንተ ማሽን ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ምስል የሚያወጣው የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ለጌም የተሠራ፣ መብራት የሚበላ ነበር። ሲታክተኝ ሸጥኩትና ለፊልም ብቻ የሚበቃ ትንሽ ካርድ ገዛሁ። ስነግራቸው «ተባረክ» አሉኝ።

እሁድ ከሰዓት ፊልሙ ገና ሲጀምር መብራቱ ድርግም አለ። ወጣሁ።

«እትዬ፣ ዛሬስ እኔ አይደለሁም!»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ከወጥ ቤቱ በር ላይ። «አንተ እንደቀነስክልኝ ሁለተኛ ምድጃ ገዛሁ። የተረፈው ለምን ይባክናል?»

ቆጣሪውን መልሼ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ ወጡ እስኪበስል ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ካርዱ አሁን ጭራሽ መብራት አይበላም።