የዌምብሊው ባልዲ

ዳናዊት ሰፈሯ ሆሎዌይ ላይ ከአውቶቡስ ስትወርድ እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ከማለዳ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ዓሣ ስትመዝን፣ ሆዱን ከፍታ ጥገኛ ትል ስትቆጥር ውላለች። ከመተኛት በቀር ምንም አላማራትም። ፌርማታው ላይ ግን ጎረቤቷ ጋሽ ሀብተ ማርያም፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ እግራቸው ሥር አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ላግዝዎት?»

«ተይ ልጄ፣ አንቺም ደክሞሻል። ከዌምብሊ ነው የመጣሁት። ወዳጄ ሸረፈዲን ከጓሮ ኩሬው ዓሣ ሰጠኝ። የኛዎቹ ከሱብኝ፤ ደህና ዘር ልጨምርባቸው ብዬ ነው።»

«የኛዎቹ» ያሏቸው ከሕንፃቸው ጀርባ ባለው ኩሬ የሚኖሩትን፣ ሮች የሚባሉትን የአገሩን ዓሦች ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅዬ በሕይወት ሳሉ በየቀኑ ይቀልቧቸው ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጋሼን ጠዋት ጠዋት ከቤት የሚያስወጣቸው ሌላ ጉዳይ የለም።

ዳናዊት ክዳኑን ገለጥ አደረገች። ከሩቅ ምሥራቅ በሰው እጅ የገባ፣ ጣት የሚያክል ግራጫ ዓሣ ነው። ሁሉም ደንዳና፣ ሁሉም ፈጣን።

«ኩሬው ውስጥ እንዳይጨምሯቸው ጋሼ። ኢንቬሲቭ ናቸው። ማለቴ፣ መጤ ናቸው።»

ሽማግሌው ባልዲውን ወደ እግራቸው ሳብ አደረጉ።

«ይህን ቃል ዛሬ አይደለም የሰማሁት» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ስነዳ ስንቱ ተሳፋሪ ብሎኛል። ቀጥሎ ‘በሽታ ይዘው መጡ’ ልትይ ነው?»

ልትል የነበረው በትክክል እሱን ስለሆነ ፊቷ ጋለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ሰው አላወራሁም። ሰው የትም ቢሄድ አንድ ዘር ነው፤ እርስዎም በራስዎ እግር ነው የመጡት። እነዚህን ግን ሰው በባልዲ ነው ያመጣቸው። የምወቅሰው ባልዲውን ነው። ውስጣቸው ያለውን ተውሳክ ለምደውታል፣ አይጎዳቸውም። የኛዎቹ ግን አያውቁትም፤ ሊጨርሳቸው ይችላል።»

«እስቲ እዪያቸው፣ ፋፍተዋል እኮ። የታመመ ይፋፋል?»

እንዲህ እየተከራከሩ ኩሬው ጋ ደረሱ። ዳሩ ላይ አንዲት ሮች ሞታ ተንሳፋለች። ጋሼ ባልዲውን አስቀመጡ።

«እናትዬው» አሉ።

ስሙን ያወጡላት ወይዘሮ ወርቅዬ ነበሩ። ሆዷ ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ «ዕንቁላል ይዛለች፣ ዘንድሮ ትወልዳለች» ይሉ ነበር። እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ጠበቁ።

«ከፍቼ ልያት ጋሼ?»

«እዪያት።»

ዳናዊት ከቦርሳዋ ትንሿን ሚዛን አወጣች። ለርዝመቷ ክብደቷ ደህና ነበር። ሆዷን ስትከፍተው ዕንቁላል የለም፤ እንደ ነጭ ጥብጣብ የተጣጠፈ ረጅም ትል ሞልቶታል። ትሉን አውጥታ ዓሣዋን ደግማ መዘነቻት። ሩቡ ክብደት የራሷ አልነበረም።

«ኮሶ» አሉ ጋሼ።

«የኮሶ ዘመድ ነው። ይሄኛው የዚሁ አገር ነው ጋሼ፣ መጤዎቹ አላመጡትም። የኛዎቹ የሚከሱበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። በዚህ ላይ የማያውቁት ተውሳክ ከጨመርንባቸው ግን አይችሉትም።»

ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ሆዳቸው የተነፋ ልጆች ነበሩ። ‘ጠግበዋል’ እንል ነበር። የእግራቸውን መቅጠን አላየንም።» ወደ ዓሣዋ ዞሩ። «ወርቅዬ ዕንቁላል ነው እንዳለች ነው የሞተችው።»

ዳናዊት ትሉን በወረቀት ጠቀለለች።

«እንግዲህ ምን ይደረግ?» አሉ በመጨረሻ።

«ወደ መጡበት፣ ወደ ሸረፈዲን ኩሬ ይመለሱ። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እኔ አስታውቃለሁ።»

«ዛሬውኑ?»

«ዛሬውኑ። እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ጋሼ ክዳኑን ራሳቸው ገጠሙ። ሁለት የደከማቸው ሰዎች፣ እጀታውን እየተቀባበሉ፣ ወደ ፌርማታው ተመለሱ።

ዓሣን ከውሃ ወደ ውሃ አለማዛወር፣ መረብና ባልዲን አጥቦ በደንብ ማድረቅ ቀላል ሥራ ነው። የታመመውን አያድንም፤ ገና ያልታመመውን ግን ይጠብቃል። በጸደይ ከቀሩት ሮቾች ዘጠኙ፣ ከነትላቸውም ቢሆን፣ ኩሬው ውስጥ ነበሩ፤ ከሸምበቆው ሥር ደግሞ መርፌ የሚያካክሉ ግልገሎች ታዩ። ባልዲው አጥሩ ላይ ተደፍቶ ይደርቃል። ጎኑ ላይ ጋሼ በወፍራም ቀለም «የዚህ ኩሬ ብቻ» ብለው ጽፈውበታል። ሸረፈዲን ደውሎ ሌላ ዓሣ ልላክ ሲላቸውም መልሳቸው አጭር ነበር።

«ሰላምታህን ብቻ ላክ።»