ጨው ውስጥ የተገኘው

ነገሩን ያመጣው ዝናብ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ብቸና ላይ ዶፍ ሲወርድ አንዲት ወጣት መምህርት ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ካገኘችው ሱቅ ዘው አለች። ባለ ሱቁ አቶ ቀለሙ ለእንግዳ ወንበር ከመስጠታቸው በፊት ወሬ የሚሰጡ ሰው ናቸው፤ ለእሷ ግን ሁለቱንም ሰጧት።

ኬሚስትሪ ልታስተምር በቅርቡ መመደቧን ስትነግራቸው አቶ ቀለሙ ሳይጠየቁ ሐሳባቸውን ሰነዘሩ። ትምህርት ደመወዝ ያስገኝ እንደሆነ እንጂ ሰውን ማወቅ አያስተምርም አሏት። ለዚህም ምስክር አለኝ ብለው ግድግዳ ተደግፎ ወደቆመ፣ አፉ ወደተከፈተ ጆንያ ጠቆሙ። አራት ዓመት ሙሉ ለገባ ለወጣው ሲያሳዩት የኖሩት ጆንያ ነው።

«ይኸ አብዱራዛቅ የሚባል የሞጣ ነጋዴ ጨው ነው» አሉ። «ሃያ ዓመት አብረን ሠርተን፣ ወንድሜ ስለው ኖሬ፣ በመጨረሻ አሸዋ ቀላቅሎ ላከልኝ። ደንበኞቼ ጥርሳችንን ሰበረው እያሉ መለሱልኝ። እኔም ሞጣ ድረስ ሄጄ ገበያ መሃል አዋረድኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፣ ልጄ።»

የልጅቱ ፊት ተለዋወጠ። አቶ ቀለሙ ግን ብርዱ መሰላቸው።

«አሸዋ መሆኑን በምን አወቁ፣ ጋሼ?»

«ጥርሴ ነገረኝ።»

«ጥርስ ባዕድ ነገር መኖሩን ይነግራል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይነግርም። ለይተው አይተውታል?»

«ጨውና አሸዋ አንዴ ከተቀላቀለ ማን ይለየዋል? ዱቄት አይደል በወንፊት አይነፋ፤ እህል አይደል በሰፌድ አይበጠር።»

«ውሃ ይለየዋል» አለች መምህርቷ በትሕትና። «ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ አሸዋ አይሟሟም። በጨርቅ ሲያጠልሉት የሟሟው ያልፋል፣ ያልሟሟው ይቀራል። ያለፈውን ውሃ እሳት ላይ ቢጥዱት ውሃው ተኖ ጨውዎ ይመለሳል። ከፈቀዱልኝ ላሳይዎት።»

ጨውን ውሃ ውስጥ አጥፍቶ መልሶ ማምጣት ለአቶ ቀለሙ የአስማት ሥራ መሰላቸው። ቢሆንም ዝናቡ አላባራም፤ የወዳጃቸውን አሸዋ በዓይናቸው ማየትም አማራቸው። ሳህን፣ ነጭ ሻሽ፣ ብረት ድስትና የከሰል ምድጃ አቀረቡ። ሰው የሚፈልገውን ማስረጃ ለማየት መቼም አይሰንፍም።

ጨውን ከጆንያው ጠርዝ ዘግና ውሃ ውስጥ ስታማስለው በመጀመሪያ ደቃቅ ጭድ ተንሳፈፈ። አሸዋ ጭድ የለውም አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ውሃውን በሻሹ አጠለለችው። ጨርቁ ላይ ትንሽ አፈርና እንደ ምስር ክክ የደቀቀ ሰማያዊ ፍርፋሪ ቀረ።

አቶ ቀለሙ ጎንበስ ብለው አዩት። አንዷን ፍርፋሪ በጣታቸው አንስተው ጆንያው ወደተደገፈበት ግድግዳ ዞሩ። በጭቃና በጭድ የለሰኑት፣ ለልጃቸው ሠርግ ኖራ በሰማያዊ ቀለም በጥብጠው በገዛ እጃቸው የቀቡት ግድግዳ ተልጦ ነበር።

«ጨው እርጥበት ይስባል» አለች። «ግድግዳዎ በዚያ እርጥበት ተፈርፍሮ ጆንያው ውስጥ ገባ። ከሞጣ የመጣው ጨው ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

ምድጃው ላይ የጣደችው የተጠለለ ውሃ እያለቀ በብረት ድስቱ ጠርዝ ነጭ ጨው መታየት ጀመረ። ልጅቱ እሱን እያየች ስሟን ነገረቻቸው። ዘሚራ አብዱራዛቅ ትባላለች።

ሐጂ አብዱራዛቅ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አቶ ቀለሙ መርዶውን ሰምተው ለቅሶ አልደረሱም። የእሳቸው እናት ሲሞቱ ግን እኚያው ሰው ከሞጣ መጥተው ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ትዝ አላቸውና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«አባትሽ ምን ይሉኝ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ቀለሙ አንድ ቀን ጆንያውን ገልብጦ ያየዋል ይሉ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አቶ ቀለሙ ብዙ ነገር አስተካከሉ። ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰኑ፤ ጨዉን ከግድግዳው አርቀው እንጨት ላይ ከመሩት፤ የጆንያውንም አፍ አሰሩ። ለጎረቤት ነጋዴዎችም ዘሚራ ያሳየቻቸውን እያሳዩ አስተማሩ። ጠጠር ያለበት ጨው ያገኘ ባለ ሱቅ ዛሬ ሰውን ከመክሰሱ በፊት ሳህንና ጨርቅ ያነሳል፤ የተበላሸ መስሎት ሊጥለው የነበረውንም ጨው ያተርፋል። በዚህ ምክንያት ሳይጣሉ የቀሩ ሰዎች አሉ። ማጥለሉ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት ማንም አላደረገውም።

ግድግዳ ማደስ ቀላል ነው። ሞጣ መሄድ ግን አቶ ቀለሙን ከብዷቸው ክረምቱ አለፈ። በመስከረም ግን ሄዱ። መጀመሪያ ባዋረዷቸው ገበያ ቆመው ሐጂ አብዱራዛቅ ንጹሕ እንደነበሩ፣ ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ ተናገሩ። ወጣቶቹ ነጋዴዎች የትኛው አብዱራዛቅ ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ሰምተው ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸ ነው።

ከዚያ ወደ ሟቹ ቤት ሄደው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሳብሪያን አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብለው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። ወይዘሮ ሳብሪያ ክንዳቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው።

«የራሴን አውፍ ብያለሁ» አሉ። «የሱን ግን እሱ ብቻ ነበር የሚልልዎት።»

ፍራሽ ተዘረጋላቸው። አቶ ቀለሙም ሁለት ዓመት የዘገዩበትን ለቅሶ ያን ቀን ተቀምጠው አለቀሱ።