ስም የሌለው አርባ አንድ ቁጥር

ና ቨርሊን፣ እዚህ ተቀመጥ። ብርድ ልብሱን ከስርህ አድርገው፣ ወንበሩ ብረት ነው። ላሞቹ ደህና ናቸው? የኛዎቹም ደህና ናቸው። ከሚኒሶታ በኩል ያለው መንገድ በበረዶ ተዘግቷል ይላሉ። በሰላም መድረስህ ጥሩ ነው። የሆኪው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ አምልጦሃል፤ ምንም ጎል አልገባም፣ አሁን እረፍት ላይ ናቸው። ባለቤቴ ማርደል ሆትዶግ ልትገዛ ሄዳለች።

ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ትራክተሩ ጆሮህን ስለጎዳው ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ከፊታችን ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቢሰማም... ምን ይደረግ? አዳራሹ የሁሉም ነው።

ትናንት አልነበርክም አይደል? ልጄ ሶረን በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የሆኪ ዱላ አፍንጫው ላይ አረፈበት። ደሙ ማሊያው ላይ ወረደ። መቼም እዚህ አገር ሕፃኑም ያውቀዋል፤ ደም የነካው ማሊያ ይወልቃል። አሥራ ሰባት ቁጥሩን አወለቁና ትርፉን ማሊያ አለበሱት። አርባ አንድ። ጀርባው ላይ ስም የለው፣ ምን የለው። ሶረን አፍንጫውን በጥጥ ወትፎ ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ተጫወተ። ሁለት ጎል አገባ። አንዱን ተከላካዩን እንዳዘለ ነው ያገባው።

እና ምን ልልህ ነበር... አዎ፣ ስለ ዓይን ነው። ዓይን ትልቅ ጸጋ አይደል? አንድ ሰው አለ አሉ። እኔ አላውቀውም፣ አንተም አታውቀውም፤ ወደ ታች አትይ። ፕሮፌሽናል ቡድን ከኮሌጅ ልጆች መካከል የሚመርጠው በሱ ዓይን ነው። ከቶሮንቶ በአውሮፕላን ያመጡታል፣ ሆቴል ያሳርፉታል። እንዲህ ያለ ሰው መቼም በከንቱ አይመጣም። ትናንት እዚሁ ሆኖ ሁሉንም አየ። ከዚያ ሆትዶግ ሰልፍ ላይ ለጓደኛው ምን አለው መሰለህ? «አሥራ ሰባት ቁጥር ወኔ የለውም። ትንሽ ደም አየና ጠፋ። ያ አርባ አንድ ቁጥር ግን! እሱ ነው ልጅ! የማን ነው?»

አትሳቅ ቨርሊን። ሰው ይሰማል።

ማርደል ከኋላው ቆማ ነበር። ምን ትበል? ወላጅ መልማይን አያናግርም። አባቱ የለፈለፈበት ልጅ «ቤተሰቡ ያስቸግራል» ተብሎ እንደሚቀር አንተም ታውቃለህ። እኔስ ማንን አናገርኩ? ከጎረቤቴ ጋር ነው የማወራው።

ደግሞ ትጋቱ! ዛሬ ልጆቹ በረዶው ላይ ሲያሟሙቁ አርባ አንድ ቁጥርን ሲፈልግ ብታየው... አንገቱን እንደ ዝይ መዝዞ። ፈንዲሻ ሻጯን ሳይቀር ጠየቃት። «ያ ልጅ ታሞ ይሆን?» አላት አሉ። እንዴት ያለ አዛኝ ሰው ነው! ለሌለ ልጅ እንዲህ የተጨነቀ፣ ላለው ልጅ እንዴት ይሆን? አሠልጣኙን ቢጠይቀው ባንድ ቃል ይነግረው ነበር። ግን ሁሉን የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

እኔ አልፈርድም። ውሻዬም ቀዩን ኮት ትቼ ሰማያዊውን ስለብስ ይጮህብኛል። ሌባ የመጣ ይመስለዋል። ጥሩ ውሻ ነው፣ ታማኝ ነው። ጥጃ መርጠህ ግዛልኝ ብዬ ግን ገበያ ልኬው አላውቅም።

ጥጡ እኮ ከዚህ ድረስ ይታይ ነበር። ግን ትልቅ ሰው ጥጥ ያያል እንዴ? ትልቅ ሰው የሚያየው ቁጥር ነው።

ዛሬ ጨዋታው ሲያልቅ፣ ለበጋው ልምምድ ማን እንደሚጠራ ለቡድኑ ይደውላል ይላሉ። የሶረን የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ካልተጠራ ሆኪው አበቃ፤ ወደ ቤት ይመለሳል። ለኔማ ምን ከፋኝ? ጉልበቴ ደክሟል፤ ትራክተሩ ላይ የሚወጣልኝ አገኘሁ። ሌሎቹ መልማዮች የሰው ልጅ ይወስዳሉ፤ እሱ ልጄን ይመልስልኛል። እንዲህ ያለ ደግ የት ይገኛል?

ትናንት ግን ሶረን እራት አልበላም። ማርደል የሰማችውን ነግራዋለች። አስተናጋጇ ሙሉውን ሳህን ስታነሳ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። አሠልጣኙን «ንገርልኝ» አይል... የኔ ልጅ ነዋ። እኔም መናገር አልችልበትም፣ ታውቀኛለህ።

ይኸው ወጡ። አሥራ ሰባትን አየኸው? አፍንጫው ላይ ፋሻ ያለበትን? ጆሮህ ነው፣ ልድገምልህ... አፍንጫው! ላይ! ፋሻ! ያለበት! ትናንት ደሙ የፈሰሰው፣ ማሊያ የቀየረው። ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ሲዞር ተመልከተው። ትናንት ሁለት ያገባ አንድ ልጅ ነበር፣ ልክ እንደዚህ ነበር የሚዞረው። ስሙን ማንም አላወቀውም እንጂ...

እየው እየው፣ የአንዳንድ ሰው አንገት እንዴት ቀላ! ብርዱ ይሆናል። ሊደውልበት ያወጣውን ስልክ ወደ ኪሱ መለሰው። አሁን ደግሞ ሰውነቱን ሰብስቦ ሜዳውን ያያል። ይይ፣ ይይ። ማየት መቼም ቢጀመር አይከፋም።

አይ ቨርሊን፣ ክፉ አልመኝለትም። ሰው ነው፣ እንጀራው ነው። አንድ ትንሽ ልጅ አለው አሉ፣ ገና በረዶ ላይ መቆም የጀመረ። እግዚአብሔር ያሳድግለት። አጥንቱን ከስብራት፣ ጥርሱን ከዱላ ይጠብቅለት። ካገር ልጅ ሁሉ የሚበልጥ ተጫዋች ያድርግለት። አሜን በል እንጂ! ያ ልጅ ለመመረጥ በሚሰለፍበትም ቀን፣ ቁርጥ የአባቱን የመሰለ ዓይን ያለው መልማይ ከፊት ወንበር ያስቀምጥለት።