ዝም ያለ ሰው ድምፅ

ወደ ሃግሴትራ በሚሄደው ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት ተማሪና አንድ ሽማግሌ ናቸው።

«ጥናትሽ ምን ላይ ነው?»

«ማንም ያላስታወሰው አንድ ፈላስፋ ላይ ነው፣ ጋሼ። ዴሞክራሲን እንደ አዲስ ለማሰብ ይጠቅመናል ብዬ ነው።»

«ምን አለ ሰውዬው?»

«ስብሰባ ላይ ዝም ያለ ሰው ‹ተስማምቷል› አይባልም። ‹አልተስማማም› ተብሎ ነው የሚቆጠረው።»

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ የእድራችን ሊቀመንበር ነኝ።»

«እንዴት ተመረጡ?»

«በየዓመቱ ‹እሳቸው ይቀጥሉ፤ ተቃውሞ አለ?› ይባላል። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ይጨበጨባል።»

«እንግዲያው በእሱ ሐሳብ አንድም ቀን አልተመረጡማ!»

«ተመስገን! አውርዱኝ ብል ማን ሰምቶኝ! በይ እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ነይና ይህንኑ ንገሪልኝ።»

«እኔ? እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ፊት? ምን ይሉኛል፣ ጋሼ?»

«ምን ቸገረሽ! ዝም ካሉ እኔ ነፃ ወጣሁ። ከተናገሩ ደግሞ ገና አሁን መረጡኝ ማለት ነው።»

ሁለቱም ከት ብለው ሲስቁ «እኔም እስማማለሁ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጣቢያዬ ሲደርስ ግን ዝም ብዬ ወረድኩ።