ባለሱቅ አይሸከምም

ባሌ ከድር መርካቶ ውስጥ ቦንዳ ልብስ በትከሻው እየተሸከመ ነው ለሱቅ የበቃው። ሱቁን ከከፈትን ወዲህ ግን ምንም ነገር እንዲያነሳ አልፈቅድለትም ነበር፤ ባለሱቅ ሲሸከም ሰው ይንቀዋል። ተቀመጠ፣ ሆዱ ገፋ። ጎረቤቱ ሁሉ «ተመችቶሃል» ሲለው እኔን ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ለምርመራ ሐኪም ቤት ሄደን ሐኪሟ ጉበቱ ስብ እንደያዘና መጠንከር እንደጀመረ ስትነግረን፣ «መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም እኮ!» ብዬ ተቆጣሁ።

«በመጠጥ ብቻ አይደለም» አለችኝና የከድርን ክንድ በጣቶቿ ያዘች። «ሆዱ ወፍሯል፣ ጡንቻው ግን አልቋል። ጡንቻ ያልተጠቀመበት ስኳር ስብ እየሆነ ጉበት ላይ ይከማቻል። ሆዱ ካልቀነሰ፣ ጡንቻውም ካልተመለሰ ጉበቱ እየባሰበት ይሄዳል። ከዛሬ ጀምሮ ይንቀሳቀስ፤ ቀላል ቀላሉን ያንሳ።»

በማግስቱ ከድር እጅጌውን ሰብስቦ ትንሿን ቦንዳ እንደምንም ብድግ አደረጋት። ምን ልበላችሁ፣ ያ ትልልቁን ቦንዳ ይሸከም የነበረ ሰውዬ ትንሿን ይዞ ግድግዳ ተደገፈ። ፊት ለፊታችን ያለው ጨርቅ ነጋዴ አየው።

«ዘይነባ! ባልሽን ወደ ድሮ ሥራው መለስሽው እንዴ?»

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ።

«አንተ፣ አውርዳት! በሰው ፊት ታዋርደኛለህ?» አልኩና ተሸካሚ ጠራሁ።

ሐኪሟ ያለችውን እኔም ከእሱ እኩል ሰምቻለሁ። ከድር ቦንዳዋን አስቀምጦ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ምንም አንስቶ አያውቅም፤ እኔም «አንሳ» የምልበት አፍ አጣሁ።