ባጃጅ ውስጥ የገባው ሪፖርቴ

የሸርቆሌ መንገድ አንገጫግጮ አንገጫግጮ የላፕቶፔን ሃርድ ዲስክ ገደለብኝ። የአሶሳው ጠጋኝ በምትኩ ሚሞሪ ካርድ ጎኑ ላይ ሰካልኝና «ከእንግዲህ ቢንገጫገጭም አይሞትም» አለኝ። ዊንዶውሱም ሪፖርቴም ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ሆኑላችሁ።

ታዲያ ስብሰባ ላይ ሪፖርት ላቀርብ ስከፍተው ስክሪኑ ጨለማ! ጎኑን ብዳብስ ካርዷ የለችም። ባለባጃጁ የሚስቴ አጎት ጋሽ ሙሳ እኛ ቤት አድረው ነበርና ደወልኩላቸው።

«እኔ ነኝ የወሰድኳት» አሉ በኩራት። «ባጃጄ ላይ ብሰካት ለካ አንድም ዘፈን የላትም! ሙዚቃ ቤት ወስጄ ያለውን ሁሉ አስጠፋሁልህና ዘፈን አስጫንኩባት። ይዤልህ እየመጣሁ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁ። «ሪፖርቱስ?» አሉ ኃላፊዬ። ወዲያው ግቢው በዘፈን ተናወጠ። ጋሽ ሙሳ ባጃጃቸውን መስኮቱ ሥር አቁመው አንገታቸውን አስገቡ።

«ይኸው ልጄ፣ አሁን ገና ሰው የሚያዳምጠው ነገር ገባባት!»